ከአንድ ገጠር ቤት የዘመቱ ወንድማማቾችን ለመዘከር፦ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሚሠራ ሥራ

አዲስ አበባ መሃል ከምንኖረው የብዙዎቻችን የአባት ወይም የእናት ቤት ገጠር ነው። እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ፎቶ አይጠፋም። ማን እንደሆነ ሲጠየቅ "የአባትህ ታላቅ ነው፣ ዘምቶ ቀረ" ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። የት እንደዘመተ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከማን ጋር እንደሄደና መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ይህ መመሪያ እነሱ በሕይወት እያሉ ሥራውን መጀመር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ብዙ ቤተሰብ ዝክር ሲያስብ ከድንኳኑ፣ ከባነሩና ከምግቡ ይጀምራል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ወንድም ታሪክ ተጣርቶ ይጻፍ፤ ድግሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሌላው የማምንበት ነገር እኩልነት ነው። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጅ ሲዘምት የቀረው ትልቅ ፎቶ ይሠራለታል፣ የተመለሰው ግን እንደማንኛውም እንግዳ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ስድስት ሰባት ዓመት ምሽግ ውስጥ የኖረ ሰው ስላልሞተ ብቻ መረሳት የለበትም። ለሁሉም እኩል ገጽ ይሰጥ።

መጀመሪያ ፈቃድ

እናት በሕይወት ካለች ከእናት፣ ካለፈች ከሚስት፣ ከእህት ወይም ከተመለሰው ወንድም ፈቃድ ጠይቁ። በስልክ አይሆንም፤ ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ ነው። አንዳንድ ቤት መርዶ ደርሶም ልቡ ያላመነ ሰው አለ። ይህ ደግሞ እንዲያው ከንቱ ተስፋ ብቻ አይደለም። በሶማሊያ ጦርነት የተማረኩ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች አሥር ዓመት ያህል እስር ቤት ቆይተው፣ በ1980 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ሲስማሙ ተለቀው ገብተዋል። ለቅሶው ተለቅሶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ያየ ሰፈር አለ። ስለዚህ ሞቱ በሰነድ ወይም በዓይን ምስክር ያልተረጋገጠ ሰው ካለ፣ ቤተሰቡ ራሱ "ሟች" እስካላለ ድረስ "ያልተመለሰ" እያላችሁ ጻፉ።

ሚስቱ ሌላ ትዳር ይዛ ከሆነ ለእሷም ለልጆቿም ቀድሞ ይነገራቸው። ዕለቱ ላይ በሰው ፊት መስማት የለባቸውም።

የወንድማማቾቹን ዝርዝር በዕድሜ ቅደም ተከተል ጻፉ

በማዕረግ ወይም በዝና አታስቀድሙ። ዝርዝሩ ላይ ያልዘመተውም ይግባ። አንድ ወንድም አገር ቤት ቀርቶ የሦስቱን መሬት አርሶ፣ የወንድሞቹን ልጆች አሳድጎ፣ አባትና እናቱን ቀብሮ ከሆነ፣ ዘማቾቹ ቤት ነበራቸው የሚባለው በእሱ ነው። የተሰለፉት በተለያየ ወገን ከሆነም፣ አንዱ በቀድሞው ሠራዊት ሌላው በታጋዩ ወገን ማለት ነው፣ ሁለቱም ይግቡ። እናታቸው አንዲት ናት። ጽሑፋችሁ የጦርነቱን ፍርድ አይሰጥም፤ የሁለት ልጆቿን ውሎ ይናገራል።

አዛውንቶቹን መጠየቅ

ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ፤ እሱ ይበቃል። ቡና ሲፈላ ጀምሩ፣ ስልኩን ጀበናው አጠገብ ሳይሆን ከተናጋሪው ጎን አስቀምጡ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ። እየቀዳችሁ መሆኑንም አሳውቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆዩ፤ እትዬ ሲደክማቸው "ብቻ ብዙ ነው" ብለው ይዘጉታል፣ ሁለተኛ ቀን መመለስ ይሻላል።

"ስለ አጎቴ ንገሩኝ" የሚል ጥያቄ አይሠራም። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ ሲጠራ ምን እየሠራ ነበር? ማን መጥቶ ወሰደው? እስከ የት ሸኛችሁት? ከእሱ ጋር ከሰፈሩ ማን ማን ሄደ? ስንቁን ማን አዘጋጀ? ስንት ደብዳቤ መጣ፣ ማን ያነብላችሁ ነበር? መርዶውን ማን አመጣው? አብረውት የሄዱትን ሰዎች ስም በተለይ አትዝለሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ በሕይወት ከተገኘ ከማንኛውም መዝገብ የበለጠ ይነግራችኋል።

ዓመቱን ማግኘት ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ነው፤ ዘዴ ግን አለው። የገጠር ሰው ዓመተ ምሕረቱን ባያስታውስ የወንጌላዊውን ዘመን ያስታውሳል። 1969 ዘመነ ማቴዎስ፣ 1970 ዘመነ ማርቆስ፣ 1971 ዘመነ ሉቃስ፣ 1972 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከዚያ በየአራት ዓመቱ ይደጋገማል። ለሌላ ዓመት ሲያስፈልጋችሁ በዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። ትልልቅ ክስተቶችም መንጠልጠያ ይሆናሉ፦ የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ፣ የ77ቱ ድርቅ፣ የግንቦት 1983ቱ የመንግሥት ለውጥ። "ከድርቁ በፊት ነው በኋላ?" ብሎ መጠየቅ "በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ከማለት ይሻላል።

ሙሾውን ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ የሚያስለቅሳቸው ስለሚመስላቸው ይሸሹታል። አልቃሽ የምትደረድረው ግጥም ግን ዜና ያዘለ ነው። አንዲት አክስቴ ለታላቅ ወንድሟ ያለቀሰችውን ስትነግረኝ ከሁሉ ሁለት ስንኝ ሳትደናገር አለች፦

ጥምዱንም ሳይፈታ ከማሳ የጠሩት፣
ጅግጅጋ ነው አሉ በዚያው ያስቀሩት።

እዚህ ውስጥ ሁለት መረጃ አለ። አንደኛው ወቅቱ ነው፦ የተጠራው በእርሻ ወራት ነው። ይህ ከታወቀው ታሪክ ጋር ይገጥማል፤ በሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ታውጆ ገበሬው በገበሬ ማኅበር በኩል እየተመለመለ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቷል፣ ሰኔ ላይም ሚሊሻው አብዮት አደባባይ፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ቦታ ተሰልፎ ታይቷል። ሁለተኛው ቦታው ነው፦ ጅግጅጋ። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር እጅ ገባች፣ በካራማራው ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ላይ ነው የሚለው ይሆናል። መልሱን የሚሰጠው የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። ከመስቀል በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ካለ የመጀመሪያው ውጊያ ላይ አልወደቀም ማለት ነው። እንዲህ እያደረጋችሁ አንዱን ፍንጭ በሌላው ታጠራላችሁ።

ወረቀቱና ፎቶው

የወታደር ደብዳቤ አጀማመሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ፣ እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ። ይህን አይታችሁ "ምንም የለበትም" ብላችሁ አታስቀምጡት። ፖስታውን አገላብጡት። የላኪው አድራሻ ላይ የመልእክት ሣጥን ቁጥር፣ የክፍሉ ቁጥር፣ አንዳንዴም የሻለቃው ስም አለ፤ የቴምብሩ ማኅተም ደግሞ ከተማና ቀን ይይዛል። ደብዳቤው የጠፋበት ቤት እንኳን ባዶ ፖስታው ሣጥን ሥር ይገኛል።

ፎቶ ሲሆን ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም አስመራ ወይም ሐረር የሚል ከሆነ ግንባሩን ነግሯችኋል። በእጅ "ለመታሰቢያ እንዲሆን" ተብሎ ከተጻፈ ቀንም ሊኖር ስለሚችል በጠራራ ብርሃን አዘንብላችሁ አንብቡት፤ እርሳሱ የደበዘዘው እንዲያ ሲያዝ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥንቃቄዎች ናቸው። ፎቶው መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ አትላጡት፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ አንሱት ወይም ስካን አስደርጉት። ዋናውን ፎቶ ላሚኔት ማስደረግ አይገባም፤ አንዴ ከተጋለ ፕላስቲክ ጋር ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። በፕላስተር አትጠግኑት፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ በለስላሳ እርሳስ ይሁን። ስካኑ ቢያንስ 600 ዲፒአይ ይሁን፤ ፊትና ጀርባው ሁለቱም ይነሱ። ስካነር ወዳለበት ቦታ መውሰድ ካልተቻለ አገር ቤት እያላችሁ በር አጠገብ በተፈጥሮ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ዋናውን "አዲስ አበባ ወስጄ ላሠራው" ብሎ መውሰድ ካለም ለባለቤቱ መቼ እንደሚመለስ ንገሩ፣ በዚያም ቀን መልሱ። ለአንዲት እናት ያ ፎቶ መቃብሩም ነው።

አሁን የድሮ ፎቶ የሚያድሱና ቀለም የሚቀቡ ቤቶች በየቦታው አሉ። ማሳደሱ ደግ ነው፤ ጭረቱ ይጥፋ፣ የደበዘዘው ይጉላ። ነገር ግን ልብሱን እንዳይቀይሩት በግልጽ ንገሯቸው። ያላገኘውን ማዕረግ ትከሻው ላይ፣ ያልተሸለመውን ሜዳይ ደረቱ ላይ የሚጨምር አለ፣ ሱፍና ከረባት የሚያለብስም አለ። ተራ ወታደር ሆኖ የቀረ ገበሬ በቂ ክብር አለው። ኮሎኔል የመሰለ ፎቶ ሲሠራለት የጠፋው እሱ ራሱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የት ይኬዳል?

ይህ እንደ ዘመቻው ይለያያል።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመተ አያት ከሆነ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ዘንድ ጠይቁ። ሜዳይ ቤት ውስጥ ካለ ጥብጣቡ ላይ ያለውን ዘንባባ ቁጠሩ፤ "ባለ አምስት ዘንባባ" ሲባል አምስቱን የወረራ ዓመት በአርበኝነት ያሳለፈ ማለት ነው። ኮሪያ ዘምቶ ከሆነ መታሰቢያው አፍንጮ በር ነው። ከ1943 ጀምሮ ቃኘው በሚል ስም በየተራ የተላኩት ሻለቃዎች ከ6 ሺህ የሚበልጥ ሰው ነበራቸው፣ መሠረታቸውም ክብር ዘበኛ ስለሆነ ሰውየው ክብር ዘበኛ ነበር ከተባለ ይህንን አጣሩ።

ለሶማሊያው ጦርነት ቸርችል ጎዳና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው ትግላችን ሐውልት አለ፤ በ1977 የተመረቀ ሲሆን ከኢትዮጵያውያኑ ጎን ለተሰለፉት የኩባ ወታደሮችም መታሰቢያ ነው። መረጃ የሚሰጥ ቢሮ አይደለም። ቤተሰቡን ይዞ የሚኬድበት ቦታ ግን ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለብሔራዊ ውትድርና ዘማች የመጀመሪያው ጥያቄ "የስንተኛ ዙር ነው?" የሚለው ነው። አዋጁ የወጣው በ1975 ነው፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር፣ ብዙው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ግንባር ላይ ቆይቷል። ዙሩ ከታወቀ ማሠልጠኛው ይታወቃል፦ ታጠቅ፣ ብር ሸለቆ፣ ጦላይ፣ ሁርሶ፣ ብላቴ። ከማሠልጠኛው ደግሞ ወደ ክፍለ ጦሩ ይኬዳል። ከድሮው ሠራዊት ሰዎች ጋር ስትነጋገሩ ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስሙን ከነአያቱ፣ ክፍለ ጦሩን፣ ብርጌዱን፣ ሻለቃውን፣ መለያ ቁጥሩ ካለም እሱን ይዛችሁ ቅረቡ። "ናደው እዝ ነበር፣ አፍአበት ላይ በመጋቢት 1980 ነው ድምፁ የጠፋው" ያለ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚያነጋግረው ያገኛል። "ሰሜን ዘምቶ ነበር" ያለ ሰው ግን ከንፈር ይመጠጥለታል እንጂ መልስ አያገኝም።

ሚስቱ ወይም ልጁ ጡረታ ይወስዱ ከነበረ የጡረታ ደብተሩን ፈልጉ፤ ማዕረጉና የሞተበት ዓመት እዚያ ፋይል ላይ ይገኛል። ልጆቹ አላጌ በነበረው የዘማች ልጆች ማሳደጊያ፣ በሕፃናት አምባ ያደጉ ከሆኑም አብረዋቸው ካደጉት ጋር ዛሬም ይጠያየቃሉ፣ በእነሱ በኩል መሄድ ይቻላል። በ1990 በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ለጠፋ ወንድም ቀይ መስቀልን ጠይቁ። ዋና ቢሮው ስታዲየም አካባቢ ነው፤ በጦርነት የተለያየ ቤተሰብን ማፈላለግ ከሥራዎቹ አንዱ ነው።

በጽሑፍ ለመከላከያም ሆነ ለሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ስታስገቡ አዲስ አበባ ያለው የወንድም ልጅ ብቻውን ቢቀርብ "ምን አገባህ?" ሊባል ስለሚችል፣ ከቅርብ ወራሹ ውክልና ይዛችሁ ሂዱ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ቅጂው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ።

ጋዜጣ ለማየት ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ አለ፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ስለሚታተም ዘመኑን ለመረዳት ይረዳል። የአንድን ተራ ወታደር ስም እዚያ አገኛለሁ ብላችሁ ግን አትድከሙ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ለዘመኑ ታሪክ ጥሩ ነው። የውጭ ጽሑፍ ስታነቡ ዘመኑን መልሱት፦ ከመስከረም እስከ የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። ይህን ሳያስተካክል የጻፈ ሰው አጎቱን ጦርነቱ ሳይጀመር ያዘምተዋል።

የእያንዳንዱን ገጽ መጻፍ

ለእያንዳንዱ ወንድም አንድ ገጽ። የሰማችሁትን ሁሉ አንድ ላይ አትቀላቅሉ፤ ከእያንዳንዱ ነገር ጎን ምንጩን በአንድ ቃል አመልክቱ። እኔ ሦስት ምልክት ይበቃል እላለሁ፦ በሰነድ፣ በምስክር፣ በቤተሰብ። የበኩሩ ገጽ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"የቤቱ በኩር። በ1969 የእርሻ ወራት በገበሬ ማኅበሩ በኩል ተመልምሎ ታጠቅ ገባ (በቤተሰብ)። ከታጠቅ በሰኔ የላከው ደብዳቤ አለ (በሰነድ)። አብሮት የሠለጠነ የጎረቤት ልጅ በምሥራቅ ግንባር እስከ ጥር 1970 ድረስ እንዳየው ይናገራል (በምስክር)። መርዶው የመጣው በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እህቱ ያለቀሰችበት ሙሾ ጅግጅጋ ይላል (በቤተሰብ)። የወደቀበት ቀንና ቦታ በሰነድ አልተገኘም። ሲሄድ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ ዛሬ የቤተሰቡ አስታራቂ ነው። በሬ በማሠልጠን ይታወቅ ነበር።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩአት። ሰውየው ከመዝመቱ በፊት ሰው ነበር። በሬ ያሠለጥን፣ በገና ይደረድር፣ ገና ጨዋታ ላይ ያስቸግር የነበረ እንደሆነ ይጻፍ። ለልጅ ልጆቹ ከሁሉ በላይ የምትቀርባቸው ይህቺ ትሆናለች።

"እንደ አንበሳ ተዋግቶ"፣ "በጀግንነት ተሰዋ" የሚሉትን ምስክር ከሌላችሁ ተዉአቸው። አብሮት የነበረ ሰው የነገራችሁ ካለ ግን ቃሉን እንዳለ አስፍሩ። የክርስትና ስሙንም አትርሱ፤ ለጸሎት የሚጠራው በእሱ ነው፣ ከአክስቶች በቀር የሚያውቀውም ላይኖር ይችላል።

ለማተም ስትሰጡ የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን፣ መሃሉን በስቴፕለር የሚሰፋ ትንሽ መጽሔት የሚሆነው እንዲያ ሲሆን ነው። ፊደሉ 14 ይሁን፤ አንባቢዎቹ አዛውንት ናቸው። ፋይሉን በፒዲኤፍ ስጡ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የግዕዙ ፊደል እንዳይበላሽ። ከመታተሙ በፊት አንዱን ቅጂ አገር ቤት ልካችሁ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ የስምና የቀበሌ ስሕተት የሚወጣው ያኔ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ከገጠር የሚመጣ ሰው ስላለ የእርሻና የአጨዳ ወራትን ተዉ። የካቲት 26 የካራማራ ቀን ነው፣ ለሶማሊያ ዘማች ይመቻል፤ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ምግቡ የጾም ይሆናል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው፤ አራት ኪሎ አደባባዩ ላይ አርበኞች ስለሚሰበሰቡ ለአርበኛ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፋሲካ በኋላ ነው። የተለያየ ዘመቻ የዘመቱ ወንድማማቾች ከሆኑ ግን ከአንዱ ጦርነት ቀን ይልቅ የቤታቸውን ቀን ምረጡ፦ የወላጆቻቸውን ማኅበር ወይም የደብራቸውን ንግሥ ተከታይ እሑድ።

ዕለቱ

ከደብረ ብርሃንና ከደሴ መስመር የሚመጡት ላምበረት ስለሚወርዱ የሚቀበላቸው ሰው ከነመኪናው እዚያ ይቁም። በዋዜማው ቢደርሱ ይሻላል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፤ ጸሎተ ፍትሐቱ እንዲደርስ ከካህናቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የክርስትና ስሞቹን በወረቀት ስጡ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ዱዓውና ሰደቃው በዚያው ሥርዓት። በአንድ ቤት ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ይደረግ፣ ምግቡም በሁለት በኩል ይሰናዳ።

ትግላችን ሐውልት መሄድ ካሰባችሁ ከጸሎቱ በኋላ፣ ከምሳ በፊት ሂዱ። መግባት መቻሉንና ፎቶ ማንሳት መፈቀዱን ቀድሞ አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ። ደረጃ ስላለው ለአዛውንቶች ወንበርና ክንድ የሚሰጥ ወጣት መድቡ። ንግግር አያስፈልግም፤ አበባው ይቀመጥ፣ ስማቸው በዕድሜ ተራ ይጠራ፣ እናት ወይም እህት ማልቀስ ከፈለገች ታልቅስ። "በቃ በቃ" እያላችሁ አታስቸኩሏት። መቃብር ላላገኘች ሴት በአደባባይ ቆማ ስሙን መጥራት ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ስትመለሱ የተመለሰው ወንድም ዋናው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ጋቢ ወይም ካባ የሚያለብሰው ሰው ከቤቱ ታላቅ የሆነው ይሁን፤ የተጋበዘ ባለሥልጣን አይደለም። ንግግር እንዲያደርግ በድንገት ማይክ አትስጡት። ቀድማችሁ "ጋሼ፣ መናገር ይፈልጋሉ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ አልፈልግም ካለ የወንድሙ ልጅ ገጹን ያንብብለት። ርችት የሚባል ነገር አይኑር፣ የሙዚቃው ድምፅም ይቀነስ። ከብዙ ዓመት በኋላም ፍንዳታ ሲሰማ የሚደነግጥ ዘማች ብዙ ነው። ፉከራና ቀረርቶ ከተወደደ የድሮ ጓዶቹ ያሰሙ፤ ለእነሱ ያምርባቸዋል፣ እሱም የሚነሳሳው በእነሱ ነው።

ያልዘመተው ወንድም ገጽም ይነበብ። ምሳው ከመቅረቡ በፊት ይሁን፤ ከምሳ በኋላ ሰው አያዳምጥም።

ከዕለቱ በኋላ

የተቀዳው ድምፅ፣ ስካኑና የመጽሔቱ ፋይል ቢያንስ በሦስት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚኖር ዘመድ እጅ። የታተመውን ለእያንዳንዱ ወንድም ቤት አንድ አንድ፣ ለደብሩ አንድ፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት አንድ፣ ለወመዘክር አንድ አድርጋችሁ ስጡ። አገር ቤት የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ጭስና ፀሐይ ያጠፉታል።

መጽሔቱ ከተበተነ በኋላ ስልክ የሚደውል ሰው አይጠፋም፤ "እኔ እኮ አብሬው ነበርኩ" የሚል። የደወለውን ስም፣ ቀንና የነገራችሁን በዚያው ሰዓት ጻፉ፣ ሄዳችሁ እንድትቀዱት ፈቃድ ጠይቁ። አዲስ ነገር ሲገኝ የዚያን ወንድም ገጽ ብቻ አሻሽላችሁ፣ ግርጌው ላይ የታረመበትን ዓመት ጽፋችሁ፣ መጽሔቱ ለደረሳቸው ሁሉ ላኩ።